የአባቴ ቮልስ 11 ዓመት ቆማለች፤ ከየት ልጀምር?

የጉለሌዋ

ሰላም ለሁላችሁ። እስከ ዛሬ የእናንተን ጽሑፍ አንብቤ እወጣለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። አሁን ግን ቸገረኝ።

አባቴ ቮልስ ነበረችው። የገዛት እኔ ሳልወለድ ነው። ትምህርት ቤት ያመላለሰችኝ እሷ ናት። ታናሽ ወንድሜ የተወለደ ሌሊት እናቴን ሆስፒታል ያደረሰቻትም እሷው ናት። አባቴ ዓይኑ ሲደክም ጊዜ ግቢያችን ውስጥ ቆርቆሮ ጥላ ሥር አቆማት። ሸራ አለበሳት። ይኸው 11 ክረምት አለፈባት። እሱም ባለፈው ዓመት አረፈ።

ባለፈው ቅዳሜ ሸራውን ገለጥኩት። አራቱም ጎማ መሬት ነክቷል። ሹፌሩ እግር ሥር ያለውን ወለል ስረግጠው ሰመጠ። ውስጧ ግን ያው የድሮው ሽታ አለ። የወንበር ቆዳ፣ ቤንዚን፣ ትንሽም አቧራ። በሩን ዘግቼ ብዙ ደቂቃ ቁጭ አልኩ።

አንድ ጋራዥ ወስጄ ላሳያት ብዬ ባለቤቱን ቤት ድረስ አመጣሁት። ዞር ዞር ብሎ አየና «ቀለም ቀብተን በሁለት ሳምንት እናስረክብሻለን» አለኝ። ወለሉን እንኳን ጎንበስ ብሎ አላየም። ልቤ አልወደደውም። ወንድሜ ደግሞ ዝቅ እናድርጋት፣ ሰፋፊ ቸርኬ እናስገባላት ይላል። እኔ እዚሁ ግቢ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ በራሴ እጅ ልሠራት እፈልጋለሁ። አባቴ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዘይት ሲቀይር ቁልፍ አቀባይ ነበርኩ። ጎማ መቀየርም እችላለሁ። ከዚያ ያለፈ አላውቅም። የቁልፍ ሳጥኑ እንዳለ አለ፤ ክሪክም አለኝ።

ሊብሬው 1967 ይላል። አዲስ ባትሪ ገዝቼ ልሞክራት ወይስ ሌላ የሚቀድም ነገር አለ?

የቄራው ልጅ

እንኳን በደህና መጣሽ እህት! ቮልስ ጠንካራ ናት፣ አትፍሪ። እኔ የኔን ስገዛት ስድስት ዓመት ቆማ ነበር። ባትሪ አስገብተን ካርቡሬተሩ ላይ ትንሽ ቤንዚን ጠብ ስናደርግላት ተነሣች። ሞክሪያት። ስትነሣ ሞራልሽም አብሮ ይነሣል። የወንድምሽንም ሐሳብ እደግፋለሁ።

ጡረተኛው መካኒክ

እህቴ፣ አባትሽን ነፍስ ይማር።

ባትሪውን አትግዢ። ገና ነው። 38 ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ቆይቻለሁ፤ አሁንም ልደታ ግቢዬ ውስጥ ሁለት ቮልስ አሉኝ። የቄራው ልጅ ያለው እውነት ነው፣ አንዳንዷ ትነሣለች። ያልተነሡትን ግን እኔ ነኝ ስፈታቸው የኖርኩት። 11 ዓመት በቆመ ሞተር ውስጥ የፒስቶን ቀለበት ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል። በማስነሻው፣ በሞተሪኖ፣ ስታስገድጂው ቀለበቱ ይሰበራል፣ ሲሊንደሩን ይፍቃል። በትዕግሥት የሚፈታው ነገር በአንድ ቁልፍ ይበላሻል።

መጀመሪያ ማንነቷን እንወቅ። ሊብሬው 1967 ይላል አልሽ፤ በማን አቆጣጠር? በእኛ 1967 ከሆነ ንጉሡ ከቤተ መንግሥት በቮልስዋገን ተጭነው የወጡበት ዓመት ነው፣ መስከረም 2። በፈረንጆቹ ከሆነ ከዚያ ሰባት ዓመት ይቀድማል። የምጠይቅሽ ለታሪክ ብዬ አይደለም። በእነዚያ ሰባት ዓመታት ውስጥ ብዙ ዕቃ ተቀይሯል። ቸርኬው በ5 ብሎን ይታሰር የነበረው 4 ሆኗል። ኤሌክትሪኩ ከ6 ቮልት ወደ 12 ሄዷል። ፍሬኑም ሌላ ነው። ዓመቱን ሳታውቂ መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ከሄድሽ የማይገጥም ዕቃ ተሸክመሽ ትመለሻለሽ።

የኋላውን መቀመጫ አንሺ። መሀል ለመሀል ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደው የሻንሲ ጉብታ ላይ ቁጥር ተመትቷል። በሽቦ ብሩሽ ቀስ ብለሽ አጽጂና ቁጠሪው። 9 አሃዝ ሆኖ በ117 ከጀመረ እ.ኤ.አ. የ1967 ሞዴል ናት፤ ሦስተኛው አሃዝ ነው ዓመቱን የሚነግርሽ። 10 አሃዝ ሆኖ በ1142 ወይም በ1152 ከጀመረ የ1974 ወይም የ1975 ናት። ፋብሪካው የሞዴል ዓመቱን በኦገስት ስለሚጀምር ትንሽ መዛነፍ አይግረምሽ። የሞተሩ ቁጥር ደግሞ ዲናሞው የተቀመጠበት እግር ሥር ነው። ሁለቱንም ከሊብሬው ጋር አስተያዪ። ካልተገናኙ ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት ማወቅ አለብሽ። የወራሽነት ማስረጃውንም አሁኑኑ ጨርሺ። ሠርተሽ ጨርሰሽ ስም ማዛወር አቅቶሽ ግቢ ውስጥ ብትቀር ያሳዝናል።

ሞተሩን እንዲህ አድርጊ። ሲሊንደሮቹ ውስጥ እሳት የሚሰጡትን አራቱን ካንዴላ ፍቺ። የትኛው ከየት እንደወጣ ምልክት አድርጊበት፤ መልካቸው ብዙ ይናገራል። በየቀዳዳው አንድ የሾርባ ማንኪያ የሞተር ዘይት ከናፍታ ጋር ቀላቅለሽ ጨምሪ። ቀዳዳውን በንጹሕ ጨርቅ ድፈኚና ሳምንት ተዪው። በመሀል አንድ ጊዜ ድገሚው። ቅዳሜ ስትመለሺ ማርሹን ዜሮ አድርጊ። የዲናሞውን ፑሊ በ21 ቁልፍ፣ ሁለቱን ፑሊ የሚያገናኘው ቺንጋ ከላላ ደግሞ የታችኛውን ትልቁን ፑሊ በ30 ቁልፍ ያዢ። ወደ ቀኝ በእጅሽ ሞክሪ። በእጅ ብቻ! ቱቦ ቁልፉ ላይ ሰክተሽ እንዳታስረዝሚው። እምቢ ካለ ዘይት ጨምረሽ ሌላ ሳምንት ጠብቂ። አንዷን ስድስት ሳምንት ጠብቄአታለሁ። በስድስተኛው ቅዳሜ የጣት ስፋት ያህል ሸርተት አለች። ያን ቀን የተሰማኝን አልረሳውም።

ሲዞርልሽ የድሮውን ዘይት አፍሺ። የሚገባው 2.5 ሊትር ነው። ይህች ሞተር የዘይት ፊልትሮ የላትም፣ ከሥር ወንፊት ብቻ ናት። ለዚህ ነው አባትሽ ቶሎ ቶሎ ይቀይር የነበረው። ወንፊቷን አውጥተሽ በላምባ እጠቢና ውስጧን እይ። የብረት ብናኝ ካገኘሽ ጻፊልኝ። ሲሊንደሮቹን ስትመረምሪም 3 ቁጥርን ለይተሽ እይው፤ ከፊት በግራ በኩል ያለው ነው። በድሮዎቹ ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው የማራገቢያው ቤት ውስጥ ተቀምጦ ወደ 3 ቁጥር የሚሄደውን አየር ይሻማል። ስለዚህ ይህ ሲሊንደር ከሌሎቹ በላይ ይሞቃል። የቮልስ ሞተር ተቃጠለ ሲባል ብዙ ጊዜ ከእሱ ነው የሚጀምረው።

የሲሊንደር ግፊት መለኪያ የሚያውስሽ ሰው ካገኘሽ ደግሞ ቁጥሩ ከጥገና መጽሐፉ አነሰ ብለሽ አትደንግጪ። መጽሐፉ የተጻፈው ለባሕር ጠረፍ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየራችን የዚያ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። አራቱ ሲሊንደር እርስ በርስ ከተቀራረቡ ሞተርሽ ጤነኛ ነው። ካርቡሬተሩም እንዲሁ ነው። ከውጭ በመጣው ልክ ከተውሽው ቤንዚን ይበዛባታል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ቤንዚን የምትመጥነውን ጂግለር በትንሿ መቀየር ነው መፍትሔው።

አሁን ስለ እሳት። ይህን ሁለት ጊዜ አንብቢው። ባትሪዋ የኋላ መቀመጫ ሥር ናት። የመቀመጫው ሞላ የብረት ነው፤ ከላዩ ያለው ሙሌት ደግሞ ደረቅ ጭድ በይው። ከበድ ያለ ሰው ሲቀመጥ ሞላው የባትሪውን ጫፍ ይነካና እሳት ይነሣል። ባትሪው ላይ ክዳን ሳይኖር ማንም እንዳይቀመጥ። ሁለተኛው ቤንዚን የሚያልፍበት የጎማ ቱቦ ነው። ካርቡሬተሩ ሥር ያለችው አጭር ጎማ ስትደርቅ ትሰነጠቃለች፤ የምታፈሰውም በጋለው ሞተርና ለካንዴላዎቹ እሳት በሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ላይ ነው። ከታንኩ እስከ ካርቡሬተሩ ያለውን ጎማ ሁሉ ቀይሪ፣ በማጥበቂያ እሰሪ። የዚህች ሞተር ቤት ማግኒዚየም ያለበት ብረት ነው። አንዴ ከተያያዘ ውኃ ይብስበታል። የዱቄት እሳት ማጥፊያ ሳትገዢ ሞተር እንዳታስነሺ። ታንኩ ውስጥ ያለውን የ11 ዓመት ቤንዚንም አውጪና ታንኩን አጽጂ።

ከሥሯ ስትገቢ ደግሞ በክሪክ ብቻ አትመኚ። ብሎኬትም አታድርጊ። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፣ ሳያስጠነቅቅ ይፈርሳል። ወፍራም ጉማጅ እንጨት አነባብሪ። ከዚያ መኪናዋን በእጅሽ ገፋ ገፋ አድርጊያት። ካልነቃነቀች ግቢ።

ወለሉ ትልቁ ሥራሽ ነው። ካቻቢቴ ይዘሽ ዙሪያውን ጠቅ ጠቅ አድርጊ። የሚበሳውን በጠመኔ አክብቢ። በባትሪው ሥርና በበሩ ግርጌ ያለውን ሳጥን ብረት በደንብ እይ። ማግኔት በቀጭን ጨርቅ ጠቅልለሽ አካሏ ላይ አስኪጂው። ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ላሜራ የለም፣ ስቱኮ ነው። ያ ጋራዥ በሁለት ሳምንት ቀለም ቀብቶ ሊደብቅልሽ የነበረው ይህንን ነው።

በያጅ ስትጠሪ አንድ ነገር አስጠንቅቂው። ወለሉ ከመቆረጡ በፊት በሁለቱም የበር ክፍተት ውስጥ ብረት ቱቦ አግድም ተበይዶ ይወጠር። እኔ በወጣትነቴ የመጀመሪያዋን ቮልስ ስሠራ ይህን አላወቅኩም። የበሰበሰውን በሙሉ ቆረጥኩና አዲሱን ላሜራ በየድኩ። ብየዳዬ ያማረ ነበር። በሩን ልዘጋ ስል አልገባ አለ፤ አካሏ መሀል ላይ ጎብጧል። ሁሉንም እንደገና ቆረጥኩት። የደንበኛዬ መኪና ነበረች፤ ሦስት ወር አዘገየሁበት። ያ ሰው ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ እኔ ግን እስካሁን ይቆጨኛል።

ከወለሉ በኋላ ፍሬን ነው። የየጎማው የፍሬን ሲሊንደር፣ ዋናው ሲሊንደርና የፍሬን ዘይት የሚያልፍባቸው አራቱም የጎማ ቱቦዎች ይቀየሩ። የድሮ የፍሬን ጎማ ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ያብጣል። ፍሬን ትይዥና አልለቅም ይልሻል። ቀለም ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የሚመጣው። ሳትሄድ የተቀባች መኪና ብዙ አይቻለሁ፤ ብዙዎቹ አሁንም እንደቆሙ ናቸው።

ምንም ነገር እንዳትጥዪ። የተሰበረ ፍሬቻ፣ የዛገ ብሎን፣ ሁሉንም በፌስታል አድርገሽ ጻፊበት። ሶማሌ ተራ ስትሄጂ አሮጌውን ዕቃ ይዘሽ ሂጂና ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጪው። በቃል አታስረጂ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ጋሼ ያሉት ላይ የምጨምረው ትንሽ ነው። እኔ እዚህ ሜሪላንድ ሰርቪስ ቤቴ ውስጥ አንዷን እየሠራሁ ነው። የመጨረሻዋ ቮልስ ከሜክሲኮ ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2003 ነው። በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ስለተሠራች ዕቃዋ ዛሬም ይመረታል፤ ዋጋውም አይጎዳም።

ዘመድ ሲመጣ የሚያመጣልሽን አስቀድመሽ ለዪ። የፍሬን ሲሊንደሮች፣ የፍሬን ጎማ፣ የካርቡሬተር ጓርኒሲዮን፣ ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የምትገባው ፑንቲና፣ የበርና የመስታወት ላስቲክ። እነዚህ 23 ኪሎ ሻንጣ ውስጥ ብዙ ቦታ አይይዙም። የወለል ላሜራ ግን ሻንጣ አይገባም፤ እሱን እዚያው በላሜራ ሠሪ አሠሪው። ቤንዚን የነካው አሮጌ ካርቡሬተር ወይም ፓምፕ ግን አታስልኪ። በአውሮፕላን አይፈቀድም። አንዱን የሠፈሬን ልጅ አየር ማረፊያ ላይ ሲያስጥሉት ቆሜ አይቻለሁ።

የኔ ሱፐር ቢትል ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ1971 ሞዴል ጀምሮ የወጣችው። የፊት እግሯ አሠራር ሌላ ነው። አንቺ የምታዢው ለተራዋ መሆኑን አረጋግጪ። ከውጭ ስታያቸው ይመሳሰላሉ።

የቄራው ልጅ

ጋሼ፣ ተምሬበታለሁ። ስለ ባትሪው የጻፍኩትን እህቴ እንዳትከተይ። የኔ መነሣቷ ዕድል ነው።

ዝቅ ስለማድረጉ ግን ልናገር። እኔ የኔን ዝቅ አድርጌ፣ ሞተሩን 1600 ሲሲ አድርጌ፣ ፊት ለፊት ዲስክ ፍሬን አስገብቻለሁ። ስነዳት ደስታዬ ወደር የለውም። ሕፃናት ሮጠው ይመጣሉ። እውነቱን ለመናገር ሠፈር ውስጥ ኮብልስቶኑ ላይ ማርሚታው ይመታል፤ ፍጥነት መቀነሻው ላይ በሰያፍ ነው የማልፈው። ያም ሆኖ የራሴ ናት፣ በራሴ ልክ ሠራኋት። አሮጌ መኪና ሁሉ እንደ ሙዚየም ዕቃ መቀመጥ አለበት ብዬ አላምንም። ነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ቮልስን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይሩ ልጆች አሉ። እሱንም አስቢበት።

ጡረተኛው መካኒክ

ልጄ፣ ልክ ነህ። እኔም የኔን ወደ 12 ቮልት ቀይሬአለሁ፣ ቀበቶ አስገብቻለሁ። ዲስክ ፍሬንህን ደግሞ አደንቃለሁ፤ ሞተር ያሳደገ ሰው ፍሬንም ማሳደግ አለበት። እኔ የምለው አንድ ነው። በብሎን የሚገባና በብሎን የሚወጣ ነገር ሁሉ ይሞከር። ሰፊ ቸርኬ ብትፈልጉ አስገቡ፣ የድሮውን ጣሪያ ላይ ስቀሉት። ኤሌክትሪክም ብታደርጓት ካምቢዮዋ ሳይነካ ሞተሯ ወጥቶ በዘይት ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጥ። ሻንሲና ፓራፋንጎ መቁረጥ ግን መመለሻ የለውም። እህታችን አባቷን እየፈለገች ነው ግቢ የምትገባው። ወንድሟ በሁለተኛው ዓመት ሐሳቡ ቢቀየር የተቆረጠውን ማን ይመልስለታል?

ቀለምና ሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ ስላለ ስትቀይሩ አሳውቁ፤ ለቦሎ ስትሄዱ እንዳትጉላሉ።

የጉለሌዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስት ቅዳሜ አለፈ፤ የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

ጋሼ፣ እንዳሉኝ የኋላውን መቀመጫ አነሣሁ። ቁጥሩን በብሩሽ አጸዳሁት። 9 አሃዝ ነው፤ በ117 ይጀምራል። ቸርኬውም ባለ 5 ብሎን ነው። የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋር ተገናኝቷል። የወራሽነቱን ጉዳይ ፍርድ ቤት ከፍቻለሁ።

ካንዴላዎቹን ስፈታ ሦስቱ ቡናማ ናቸው፣ 3 ቁጥር ነጣ ብሏል። በፌስታል አስቀምጬ ጽፌባቸዋለሁ። ባለፈው ሳምንት በ21 ቁልፍ ሞከርኩ፤ ንቅንቅ አላለችም። ዘይት ጨመርኩ። ዛሬ ጠዋት ወንድሜ ቺንጋውን በእጁ ጫን አድርጎ ይዞልኝ እንደገና ሞከርኩ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ በቁልፉ ውስጥ ወደ እጄ የሆነ ነገር መጣ፣ ድምፅ የሌለው። ፑሊው ላይ በጠመኔ ያደረግኩት ምልክት ከቦታው ለቋል። ወንድሜ «ዞረች እኮ!» ብሎ ጮኸ፤ እናቴ ከኩሽና ሮጣ መጣች። ሰፋፊውን ቸርኬ ዛሬ አላነሣውም።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርዎት። መቀመጫውን ሳነሣ ባትሪው ላይ ከጎማ ውስጠኛ ላስቲክ የተቆረጠ ክዳን አገኘሁ። በባትሪው ልክ ነው የተቆረጠው፤ ጠርዙ በምላጭ ተስተካክሏል፤ በሽቦ አራት ቦታ ታስሯል። አባቴ ነው የሠራው። እኔና ወንድሜ ከኋላ ተቀምጠን ስንዘል ነው ያደግነው፤ ለምን እንደሠራው እርስዎ የጻፉትን ሳነብ ገባኝ። ላስቲኩ አልተሰነጠቀም። አጥቤ አድርቄዋለሁ፤ አዲሱን ባትሪ ስገዛ እሱኑ መልሼ አስርበታለሁ።

ዘይቱን በሚቀጥለው ቅዳሜ አፈስሳለሁ። ወንፊቷ ላይ ያገኘሁትን ፎቶ አንሥቼ እለጥፋለሁ።